በመረጡትና በሚሆነው መካከል

ሰው ሜኑ ከፍቶ አንዱን ሲነካ፣ በነካውና በሚሆነው መካከል የሚቆመው እኔ የጻፍኩት ኮድ ነው። እንጀራዬ ይኸው ነው። በሥራችን ቋንቋ ኢቨንት ሀንድለር እንለዋለን። ተጠቃሚው ሲመርጥ ኮዱ የሚቆምበት መዋቅር፣ ፍሬምወርኩ፣ ይጠራዋል፤ «ይኼኛው ተመርጧል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ያስረክበዋል። ከሥራዬ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ልናዘዝ የምፈልገውም ስለዚሁ ውዴታ ነው። ጠጋ ብዬ ስመረምረው ውስጡ ያለው የማገልገል ደስታ ብቻ አይደለም፤ የማዘዝ ምኞትም አለበት።

ተራ ፕሮግራም ስጽፍ ጠሪው እኔ ነኝ። በፍሬምወርክ ውስጥ ግን ጠሪው እሱ፣ ተጠሪው እኔ ነኝ። ኮዴን ጽፌ፣ ለየትኛው ኢቨንት እንደሆነ አስመዝግቤ እጠብቃለሁ። አዳማ ያለ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም ዱባይ ያለች እህት ስልኳን አውጥታ አንድ ንጥል ስትነካ ኮዴ ይነቃል። ስለ ነካው ሰው የሚነገረኝ የለም፤ ቸኩሎ ይሁን፣ ተጨንቆ ይሁን፣ ጣቱ ስቶ ይሁን አላውቅም። እጄ የሚገባው የተመረጠው ንጥል ብቻ ነው። የሰው ፈቃድ እንዲህ ተጨምቆና ስም የለሽ ሆኖ እጅ ሲገባ የራስ ንብረት ይመስላል። ፈተናው ከዚህ ይጀምራል።

ሙያውን የጀመርኩት በማይክሮሶፍቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት ዌብ ፎርምስ ነው። ሜኑ የሚባለው ኮንትሮል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው ሁለተኛው እትም ጋር ነበር። ለእያንዳንዱ የሜኑ ንጥል ሁለት መንገድ ተከፍቶለታል። ናቪጌት ዩአርኤል የሚባለውን ቦታ ከሞላህለት ንጥሉ ተራ ሊንክ ይሆናል፤ ሲነካ ብራውዘሩ ወደዚያ ገጽ ይሄዳል፣ አንተን የሚጠራህ የለም። ባዶውን ከተውከው ግን ገጹ ተመልሶ ወደ ሰርቨሩ ይላካል። ፖስትባክ ይሉታል። እዚያም ሜኑ አይተም ክሊክ የተባለው ኢቨንት ይነሣና ሀንድለርህ ይጠራል፤ የንጥሉን ጽሑፍ፣ ቫልዩውንና በሜኑው ዛፍ ላይ ከሥር እስከ ቅርንጫፍ ያለውን ዱካ ይቀበላል።

እኔ ሁለተኛውን መንገድ እወድ ነበር። ወደ ሌላ ገጽ ከመውሰድ በቀር ምንም የማይሠራ ንጥል እንኳ በእኔ በኩል እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። አንድ ትልቅ ሀንድለር፣ በውስጡም ረጅም የስዊች ዝርዝር፤ «ደመወዝ» ከሆነ ወዲህ፣ «ፈቃድ» ከሆነ ወዲያ፣ «ሪፖርት» ከሆነ ወደዚያኛው። ለጠየቀኝ ሁሉ ምክንያት ነበረኝ፤ ማን ምን ማየት እንደሚችል በአንድ ቦታ አጣራለሁ እል ነበር። ምክንያቱ ውኃ አይቋጥርም። ፍተሻው መኖር ያለበት በሚደረስበት ገጽ ላይ፣ ሰርቨሩ ዘንድ ነው። ንጥልን ከሜኑ መደበቅ ጥበቃ አይሆንም፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ጽፎት ይገባል። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። እያወቅሁ የያዝኩት ደስ ስለሚለኝ ነው፤ ሁሉም በእኔ በር ሲያልፍ ማየት ደስ ይለኛል።

ሊንክ ለሰው የሚሰጠውን እንቁጠር። ማውሱን ቢያሳርፍበት ወዴት እንደሚወስደው ከመስኮቱ ግርጌ ያነባል። በሌላ ታብ ይከፍተዋል። ለነገ ያስቀምጠዋል። ኮፒ አድርጎ በቴሌግራም ለባልደረባው ይልከዋል፤ «ይኸውልህ፣ እዚህ ግባ»። በፖስትባክ የሚሠራው ንጥል ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ከሥሩ ያለው አድራሻ አይደለም፤ ገጹን መልሰህ ላክ ብሎ ብራውዘሩን የሚያዝ የጃቫስክሪፕት ጥሪ ነው። የገጹ አድራሻ ስለማይለወጥም ለሌላ ሰው የሚላክ ነገር የለም፤ ሰዎች መንገዱን በስልክ ይነጋገሩታል፤ «ከላይ የሰው ኃይል የሚለውን ንኪ፣ ወደ ታች ሲዘረጋ ሦስተኛው ላይ ሂጂ፣ አገኘሽው?» እያሉ። ወደ ኋላ ልመለስ ያለውን ደግሞ ብራውዘሩ ፎርሙ ዳግም ይላክ ወይ ብሎ ያስጨንቀዋል። ሊንክ ከእኔ ፈቃድ ውጭ የሚሠራ ምርጫ ነው። ያልወደድኩለት ይህንኑ ነፃነቱን ነበር።

በዚያ ላይ ቪውስቴት አለ፤ ገጹ የነበረበትን ሁኔታ ተሸክሞ የሚዞር ስውር መስክ። ሜኑውም ንጥሎቹን እዚያው ያስቀምጣል። ሰው በነካ ቁጥር ሸክሙ ወደ ሰርቨሩ ይወጣል፣ ተመልሶም ይወርዳል። ሰርቨሩ አጠገብ ለተቀመጥኩት ለእኔ አይታወቅም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ ላለ ሰው ግን ንክኪው ምላሽ አጥቶ ይቆያል፤ ምላሽ ያጣ ሰው ደግሞ እንደገና ይነካል። ሁለት ጥያቄ ይሄዳል። ንጥሉ «ሪፖርት አሳይ» ከሆነ ጉዳት የለውም። «ክፍያውን አጽድቅ» ከሆነ ግን የሰው ገንዘብ ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ሲነሣ መለያ ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ሥራውን አይደግምም፣ ሲጨርስም ሰውየውን ወደ አዲስ አድራሻ ያዞረዋል። ንጥሉን እንዳይነካ አደብዝዞ መዝጋት ብቻውን አይበቃም። ልቤን ሳየው የሚያሳስበኝ መድኃኒቱ አይደለም፤ «ለምን ሁለቴ ነካው?» ብሎ ለመውቀስ ያለኝ ፍጥነት ነው። ዝም ያለው የእኔ ኮድ ነው። ዝም የተባለ ሰው ደግሞ መጠየቁ ተገቢ ነው።

አሁን የምከተለው አጭር ነው፤ የሚወስድ ሁሉ ሊንክ ይሁን፣ የሚያደርግ ሁሉ ቁልፍ ይሁን። እኔ የምጠራው ለሁለተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ የማስተናግደው ምርጫ ቁጥሩ በጣም ቀነሰ። መቀነሱ መጀመሪያ ላይ ከፋኝ፤ ይህንንም መናገር አለብኝ።

ከዌብ ፎርምስ በኋላ ወደ ሪአክት ተሻገርኩ፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ላይብረሪ ነው። ፍሬምወርክ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለእኔ ጉዳይ ለውጥ አያመጣም። ምርጫው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሚስተናገድ የፖስትባክ ጣጣ የለም። ፈተናው ግን መልኩን ለውጦ ጠበቀኝ። በብራውዘር ውስጥ ክሊክ በተነካበት ቦታ ብቻ አይቀርም። ከሰነዱ ጫፍ ወደ ተነካው ንጥል ይወርዳል፤ ከዚያ ከንጥሉ ወደ ዝርዝሩ፣ ከዝርዝሩ ወደ ሜኑው፣ ከሜኑው ወደ ገጹ እየወጣ ይሰማል። ከታክሲው የኋላ ወንበር «ወራጅ አለ» የተባለውን መሐል ያሉት ሰምተው፣ ረዳቱ ተቀብሎ ለሾፌሩ እንደሚያደርሰው ማለት ነው። ሪአክት የሚሠራው በዚህ ወደ ላይ በሚወጣ ድምፅ ነው። እስከ እትም 16 ድረስ ሰሚውን በሰነዱ ላይ ይተክል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው እትም 17 ጀምሮ አፑ በተሰቀለበት ሥር ላይ ይተክለዋል።

ድምፁ እንዳይወጣ የምንዘጋበት ትእዛዝ ደግሞ ተሰጥቶናል፤ ስቶፕ ፕሮፓጌሽን ይባላል። የጻፈው ሰው «እኔ ሰምቻለሁ፤ ከእኔ በላይ ያለ አይስማ» ማለቱ ነው። የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሜኑው የተቀመጠበት ካርድ ራሱ ሲነካ የሚከፈት ከሆነ «አጥፋ» የሚለውን የነካ ሰው ካርዱም አብሮ እንዲከፈትበት አይፈልግም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምጽፈው ኮዴን ከሌላው ጋር ማስማማት ሲታክተኝ ነው። ገጹ ላይ የሆነ ቦታ «ከሜኑ ውጭ ከተነካ ሜኑው ይዘጋ» ብሎ የሚጠብቅ የሌላ ሰው ሀንድለር አለ። እኔ ድምፁን ስለዘጋሁበት አይሰማም፤ የእሱ ሜኑ ተከፍቶ ይቀራል። ያንን ኮድ የጻፈው ባልደረባዬ በራሱ ሥራ ውስጥ የሌለ ጥፋት ሲፈልግ ይውላል። የሰውን ቃል ለራስ ብቻ መያዝ ጎረቤትንም ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሀንድለር ስጽፍ በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ሰው ማን ነው? መልሱን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ እኔው ራሴ ነኝ። ማውስ የያዘ፣ የሚያይ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው። ለዚህ ሰው ዲቭ የተባለውን ተራ ሳጥን በሲኤስኤስ አስጊጬ ኦንክሊክ ብሰካበት ይበቃዋል። በኪቦርድ ለሚሠራው ግን ያ ሳጥን የለም፤ ታብ ቢጫን አያርፍበትም፣ ኢንተር ቢጫን አይሰማውም። በተን የተባለውን ኤለመንት ብጠቀም ብራውዘሩ ራሱ ኢንተርንም ስፔስንም ወደ ክሊክ ይለውጥልኛል። ልዩነቱ አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ለመለወጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ሳይሆን፣ ሌላ ሰው መኖሩን ማስታወስ ነው።

ዓይነ ስውር ተጠቃሚዎች ስክሪኑን የሚያነብላቸው ፕሮግራም አለ፤ ስክሪን ሪደር ይባላል። ኤንቪዲኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ተጀምሮ በነፃ የሚታደል ነው፤ ሌሎቹን ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ነፃ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ፕሮግራም የሚናገረው እኔ የነገርኩትን ነው። የድሩን ሥርዓት የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባጸደቀው፣ አሪያ በተባለው ደረጃ፣ አንድን ኤለመንት «ሮሉ፣ ማለትም ሚናው፣ ሜኑ ነው» ብዬ መለጠፍ እችላለሁ። ስለለጠፍኩት ስክሪን ሪደሩ ለሰውየው «ሜኑ» ይለዋል። ሰውየውም የሚገባውን ያውቃል፤ የታች ቀስት ቀጣዩን ንጥል ይሰጣል፣ ሆም ወደ መጀመሪያው፣ ኤንድ ወደ መጨረሻው ይወስዳል፣ ኢስኬፕ ዘግቶ ወደ ተነሣበት ቁልፍ ይመልሳል። ለእነዚህ ቁልፎች ሀንድለር ሳልጽፍ ስሙን ብቻ የለጠፍኩ እንደሆነ ማየት በማይችል ሰው ፊት በሐሰት መስክሬያለሁ። የታች ቀስቱን ደጋግሞ ይጫናል፤ ምንም አይመጣም። ኮምፒውተሩ የተበላሸ ወይም እሱ ያላወቀበት ይመስለዋል። ቃሌን ያከበድኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙዎቻችን ሮሉን የምንለጥፈው የፍተሻ መሣሪያው አረንጓዴ እንዲያሳየን ነውና። ለተራ የድረ ገጽ ማውጫ ደግሞ ይህ ሮል ጨርሶ አያስፈልግም፤ የሊንኮች ዝርዝር ይበቃል።

ተቆልቋይ ዝርዝሩም የራሱ ነገር አለው። ሰው ክልሉን እንዲመርጥ ሴሌክት የተባለውን አስቀምጬ፣ ምርጫው ሲለወጥ በሚነሣው ኦንቼንጅ ላይ ወዲያው ወደዚያ ክልል ገጽ የሚወስድ ሀንድለር እሰካለሁ። በማውስ ሲሞከር ያምራል። በዊንዶውስ ላይ ግን ዝርዝሩን ሳይከፍት በቀስት የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ ቀስት ምርጫው ይለወጥበታል፣ በብዙ ብራውዘሮችም ኦንቼንጅ ያኔውኑ ይነሣል። ሲዳማ ለመድረስ ቀስቱን አንዴ ሲጫን አፋር ገጽ ላይ ራሱን ያገኘዋል። ተመልሶ ቢሞክር እንደገና አፋር። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ለእሱ ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የተደራሽነት መመሪያ ይህን በግልጽ ይከለክላል፤ ሰውየው አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር ምርጫን መለወጥ ብቻውን ገጹን ሊለውጥበት አይገባም። ከጎኑ «ሂድ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ ይበቃል። እኔ ግን ያ ቁልፍ ዲዛይኑን ያበላሽብኛል ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ። ስለ ውበት የተከራከርኩ ይመስለኝ ነበር፤ በእርግጥ የታከተኝ ሰውየው እስኪጨርስ መጠበቅ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው መጠበቅ ላይ ነው። ክሊክ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ጣት የሚያርፍበትና ጣት የሚነሣበት ሁለት ቅጽበት አለው። በሁለቱ መካከል ሰው ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ሳያነሣ ጣቱን ወደ ጎን ካንሸራተተ ክሊክ አይፈጸምም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የመመሪያው እትም ይህችን መካከለኛ ቦታ ይጠብቃታል፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ሥራው በመጫን ሳይሆን በመልቀቅ እንዲፈጸም ይጠይቃል። እኛ የሜኑ ሠሪዎች ግን ይህን የምንሽርበት የታወቀ አጋጣሚ አለ። ሰው ሲጽፍ ከሥር የሚዘረጋ የጥቆማ ሜኑ ላይ ንጥሉን ሲጫን፣ መጀመሪያ የጽሑፍ ሳጥኑ ትኩረቱን ያጣል፤ ትኩረት ሲጠፋ ሜኑው እንዲዘጋ ያዘዝነው እኛው ነን። ስለዚህ ክሊኩ ሳይፈጸም ንጥሉ ከሥሩ ይጠፋል። ብዙ ሰው የሚያመጣው መላ ምርጫውን በመጫኛው ቅጽበት ማጽደቅ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን የሰውየውን የመመለሻ ጊዜ ወስዶ ነው የሚሠራው። ትክክለኛው መላ አይከብድም፤ በመጫን ጊዜ ትኩረቱ ከሳጥኑ እንዳይወጣ ይከለከላል፣ ምርጫው ግን ክሊኩ እስኪፈጸም ይጠበቃል። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ያቺ ቅጽበት ብዙ ናት። «ተሳስቼ ነካሁት» ለማለት ሌላ ቦታ አልተውንለትም።

በእኛ ቋንቋ ሲሠራ የሚጨመር ጥንቃቄ አለ፤ አጭር ነው። ንጥሉን በጽሑፉ ሳይሆን በቫልዩው መለየት። ሀንድለሩ «ጸሐይ» የሚለውን ቃል የሚጠብቅ ከሆነ፣ አንድ የቋንቋ ሰው ገብቶ «ፀሐይ» ብሎ ባረመው ቀን ሜኑው ይሞታል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ጸ እና ፀ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፣ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠም እንዲሁ። ፍለጋ ያለበት ሜኑ ከሆነ ከማመሳከሩ በፊት እነዚህን ማስማማት ግድ ነው። ሌላው የመጀመሪያ ፊደል በመጫን ወደ ንጥሉ መዝለል ነው። የተለመደው አሠራር አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነው ብሎ ያምናል። ፊደላችን ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቁልፍ ተነክቶ ነው የሚጻፈው፤ «ማ»ን የፈለገ ሰው የመጀመሪያውን ቁልፍ እንደተጫነ ኮዱ ፍርዱን ይሰጣል። እዚህም ጥቂት መጠበቅ ያስፈልጋል። ከውጭ የመጣን ላይብረሪ «ይህን አይችልም» ብዬ ትከሻዬን ነቅንቄ የማለፍ ልማድ አለብኝ፤ ለራሴ ቋንቋ ተናጋሪ እንዲህ ማድረጌ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያሳፍረኛል።

የመጨረሻው ስለ መዝገብ ነው። ሀንድለር ውስጥ ያለ ሰው የሚያየውን መጻፍ ይችላል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደመረጠ። ከዚያም አልፎ ማውሱ ያረፈበትንና ያልመረጠውን መጻፍ ይችላል። «ብድር ጠይቅ» ላይ ረጅም ጊዜ ቆሞ ሳይነካው የሄደ ሠራተኛ፣ «ቅሬታ አቅርብ»ን ከፍቶ መልሶ የዘጋ። ይህ መረጃ ሜኑን ለማሻሻል ይጠቅማል እንላለን፣ ይጠቅማልም። እኔ ግን ሰንጠረዡን ከፍቼ ሳነበው ሜኑ ስለማሻሻል አላስብም ነበር፤ ሰዎቹን አያቸው ነበር፤ ማየቱ ይስበኝ ነበር። ሰው ያልተናገረውን ማወቅ እንደሚስብ። የነካውን ለእኔ ሰጥቶኛል፤ አስቦ የተወውን ግን ለማንም አልሰጠም። የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ መረጃ ለታወቀ ዓላማና ለዚያ በሚበቃው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ባይጠይቅም ኖሮ መልሱ ይኸው ነበር።

በምሠራበት ሲስተም ላይ የማውስ ማረፍን የሚመዘግበውን ሀንድለር አውጥቼዋለሁ፤ ቀድሞ የተሰበሰበውም ተሰርዟል። የተመረጠውን የሚመዘግበው ግን እንዳለ ነው፤ ክፍያ ያጸደቀው ማን እንደሆነ የሚጠየቅበት ቀን ይመጣልና። ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ በሚለው አልተስማማንም። እኔ ክፍያ የማይነካው ምርጫ በየወሩ ይጥፋ እላለሁ፤ ኃላፊዎቹ ሁሉም ለዓመት ይቆይ ይላሉ። ነገሩ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተይዟል።